አምስት ደቂቃ ነው ያለሽ ደላላ የለካው ቁልቁለቱን ነው

ጥያቄው ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በመስከረም ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እጀምራለሁ። የማታ ነው፤ 2፡30 ላይ እንወጣለን። ቀን ቀን እዚያው ፒያሳ የዘመድ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና 2ኛ ዓመት ናት፤ ዶርም ሰልችቷታል። ኮምቦልቻ ቅርብ ስለሆነ እሷ እየተመላለሰች፣ ደሴ ላይ አንድ አፓርታማ ብንጋራ ብለን አሰብን። በእግር የሚያስኬድ ሰፈር ነው የምንፈልገው። ደላላው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪ ይሻላል ይላል። በወር 7,000 ብር የሆነ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮም አሳይቶናል፤ የ6 ወር ቅድሚያ ጠየቁን። ሕጉ ከ2 ወር በላይ አይፈቅድም አይደል? ክረምት ክረምት ወደ ቤተሰብ እመለሳለሁ። የትኛውን ብንይዝ ይሻላል?»

ከአክስትሽ ልጅ ልጀምር። የእሷ ነገር ካልተስተካከለ የቀረው ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ይህ እውነት ነው። ግን መሀላቸው ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያንን ልዩነት መኪናው በየቀኑ በጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል። ክረምት ላይ ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል፤ ከባድ መኪናም አይጠፋም። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ላላት ልጅ መናኸሪያ ደርሶ ወረፋ መያዝና መኪና እስኪሞላ መጠበቅ ሲጨመር፣ ቀኗ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ትራንስፖርቱን ለአንድ ወር ደምሩት፤ ከኪራይ ድርሻዋ ጋር ሲሆን ከአቅሟ በላይ ይሆናል። ዶርሙ ሰልችቷት ከሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ትፈልግ። እዚያም ከፋብሪካ ሠራተኛ ጋር እንደምትሻማ ትወቅ። ካልሆነ ዶርሟን ይዛ፣ ለቅዳሜና እሁድ አንቺ ጋ ትምጣ። ስለዚህ ቤት የምትጋሪው ሰው ሌላ ነው። ከራስሽ ኮሌጅ፣ በተመሳሳይ ሰዓት የምትወጣ ልጅ ፈልጊ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

«ዩኒቨርሲቲው አካባቢ» የሚለው ምክር ለሌላ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። የዩኒቨርሲቲው የደሴ ግቢ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ነው። እዚያ ለሚማር ይመቻል። ያንቺ ኮሌጅ ፒያሳ፣ ሥራሽም ፒያሳ። ደላላው ይህን አጥቶት አይደለም። እጁ ላይ ያለው ክፍት ቤት እዚያ ነው፣ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደሴ ላይ «በእግር የሚያስኬድ» ማለት አዳማ ወይም ባሕር ዳር ላይ ከሚባለው ይለያል። ከተማዋን በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል። ሜዳው ጠባብ ነው፤ የቦርከና ወንዝም መሀሉን ይዞታል። ስለዚህ ከተማዋ አንደኛ ዋናውን አስፋልት ተከትላ በርዝመት ሄደች፤ ሁለተኛ ወደ ዳገቱ ወጣች። በአስፋልቱ አቅጣጫ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ብዙም አይታወቅሽም። ወደ ጎን ግማሽ ኪሎ ሜትር ስትወጪ ግን ጉልበትሽ ይነግርሻል። ስልክሽ ላይ ያለው ካርታ ዳገቱን ብዙም አያሳይሽም። የደላላው «አብሽሪ፣ አምስት ደቂቃ ነው» ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ ያለው ነው። አንቺ ግን ማታ 2፡30 ላይ ደክመሽ፣ ቦርሳ ይዘሽ የምትሄጂው ወደ ላይ ነው።

ለዚህ ነው የሰፈር ስም ብቻ ጠይቀሽ እንዳትወስኚ የምለው። አራዳ በይው ሸዋ በር፣ ሙጋድም ይሁን፣ አንዱ ሰፈር ውስጥ አስፋልት ዳር ያለ ቤትም አለ፤ ሦስት መታጠፊያ ከወጡ በኋላ የሚገኝም አለ። ኪራዩ የሚለያየውም በዚህ ነው። ዳገት ላይ ያለው ይረክሳል። ርካሽነቱ ግን እውነተኛ ነው ወይ የሚለውን አስይው። እንበል ዳገቱ ላይ ያለው ክፍል በወር 1,000 ብር ይቀንሳል። ማታ ማታ ብቻሽን መውጣቱ ያስፈራሽና ባጃጅ ኮንትራት ትይዣለሽ። በአንድ ጉዞ 80 ብር ቢሆን፣ በወር 22 ማታ 1,760 ብር ነው። ረከሰ ያልሽው ቤት 760 ብር ተወደደብሽ ማለት ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን ባለ ባጃጁ የሚጨምረው ሳይቆጠር።

ቤቱን ቀን አይተሽ ከወደድሽው፣ ገንዘብ ሳትሰጪ በፊት ማታ ተመለሺ። ሰው ይዘሽ፣ ልክ ክፍል በሚለቀቅበት ሰዓት ከኮሌጁ በር ተነሺና ሂጂ። ሰዓትሽን ያዢ። ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተዪው፤ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር። መንገድ ላይ የምታዪው ነገር አለ። የመንገድ መብራት የት ላይ ያበቃል? ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ሰው ይመላለሳል? ውሻ የሚለቀቀው ስንት ሰዓት ነው? ይህን የመጨረሻውን ሰው ይስቅበታል፤ የሚስቀው ማታ ሦስት ውሻ ተሰልፎ እስኪጠብቀው ነው። ኮብልስቶን ያለበት ዳገት ከሆነ ዝናብ ሲነካው እንደሚያዳልጥ አትርሺ። ንጣፍ የሌለው ከሆነ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጭቃውን አስቢው። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ቤት ሰኞ ዕለት ምን እንደሚመስል ሰኞ ሄዶ ማየት ነው። አብራሽ የምትኖረዋ ልጅ ካንቺ ጋር በአንድ ሰዓት ትውጣ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሁለት ሆኖ መሄድ ከየትኛውም ሰፈር ምርጫ ይበልጣል።

«አፓርታማ» ያልሽውን ላስተካክል። ደሴ ላይ ለተማሪ የሚከራየው በአብዛኛው ሰርቪስ ቤት ነው። ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ኋላ ወይም ጎን የተሠራ አንድ ክፍል፤ ሽንት ቤትና ውሃ የጋራ። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ጥሩ ጎን አለው። በርሽ የራስሽ ነው፣ ቆጣሪሽ የራስሽ ነው፣ «ስንት ሰዓት ገባሽ» የሚል የለም። ውሃ ሲጠፋ ግን ጄሪካን ተሸክመሽ ፎቅ የምትወጪው አንቺው ነሽ። ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ነፃነቱ ያንሳል፤ ግን ሰው አለ። ታመሽ ብትውዪ የሚያንኳኳ ይኖራል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ባለቤቷ ቡና ላይ ከጠራችሽና ሦስተኛውን ሳትጠጪ ካልተነሳሽ፣ ተከራይ መሆንሽ ይቀርና የቤት ልጅ ትሆኛለሽ። ይሄ ጥቅምም ጣጣም አለው። ለመጀመሪያ ዓመት ግን ጥቅሙ ያመዝናል።

የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ መጀመሪያ ጠይቂ። ብዙ ቤት 3 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። የማታ ተማሪ መሆንሽን፣ ፈተና ሰሞን ልታመሺ እንደምትችዪ በግልጽ ተናገሪና የበሩን ቁልፍ ቅጂ ጠይቂ። «ኧረ ግድ የለም፣ ከፍተንልሽ» የሚል መልስ አይበቃም። መስከረም ላይ ግድ የሌላቸው ሰው ጥር ላይ ከእንቅልፋቸው መነሳት ይሰለቻቸዋል።

ክፍሉን ስታዪ ቀለሙን ተዪው። የጀርባውን ግድግዳ እዪ። ዳገት ላይ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ አፈሩ ተቆርጦ፣ የኋላ ግድግዳቸው ከአፈሩ ጋር ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ክረምት ላይ ውሃው በዚያ በኩል ይሰርጋል። በበጋ ስታዪው ደረቅ ነው፤ ምልክቱ ግን አይጠፋም። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ የተላጠ፣ ወይም እስከ ጉልበት ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ገብቶሻል። እጅሽን አስነኪው፣ አሽትቺው። ከገደል ሥር ወይም ከተናደ አፈር አጠገብ ያለ ቤት ደግሞ በነፃ ቢሰጥሽም አትግቢ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ፍራሽና አልጋ ከነቤቱ ከተከራየ ትኋን አለመኖሩን በስልክሽ መብራት ስፌቱን እያየሽ አረጋግጪ።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን አትጠይቂ፤ ተከራዩን ጠይቂ። ግቢው ውስጥ ሮቶ ካለ፣ ለተከራይ የተፈቀደ ነው ወይስ ለባለቤቶቹ ብቻ? የተሰለፈው ጄሪካን ብዛትም ራሱ መልስ ነው። መብራት ላይ ቆጣሪ የጋራ ከሆነ ጠብ አይቀርም። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ሒሳብ ይከፍላል። አከራይ «ስቶቭ አይቻልም» የሚለው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ከዚህ የተነሳ ነው። የቆጣሪ ነገር ካልተቻለ ለመብራት በወር ስንት እንደምትከፍዪ ቁጥሩን ቁረጡት፤ ስቶቭ ይፈቀዳል ወይ የሚለውም በዚያው ይለቅ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከገንዘቡ ሁሉ ይበልጣል። ደሴ ብርድ ናት። ስቶቭ የተከለከለ ተማሪ ማታ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ምግቡን ሠርቶ፣ ለሙቀት ብሎ ምድጃውን ክፍል ውስጥ ያስቀረዋል፤ በሩንም ይዘጋል። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ያው ነው። መስኮት ትንሽ መክፈትም አያስተማምንም። ከሰል ውጭ ነው የሚቀጣጠለው፣ ውጭ ነው የሚያድረው። ብርድ ልብስ ጨምሪ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የሰማሽው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፤ ልክ ነሽ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብም፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስም ይደነግጋል። ግን ሁሉም ከተማ ላይ በአንዴ የወረደ ሕግ አይደለም። አዲስ አበባና ድሬዳዋን ይመለከታል፤ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው የሚሠራው። ስለዚህ አከራይ ፊት አዋጅ ከመጥቀስሽ በፊት የከተማውን የቤቶች ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፦ ደሴ ላይ ይፈጸማል? ውል የሚመዘገበው የት ነው? ግማሽ ቀን ቢፈጅብሽ ነው።

መልሱ ምንም ይሁን፣ 6 ወር ቅድሚያ አትክፈዪ። በ7,000 ሒሳብ 42,000 ብር ነው። ሕጉን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ተከራይ እጅ ላይ ያለው ጉልበት የሚቀጥለው ወር ኪራይ ብቻ ነው። ጣራው ሲያፈስ፣ ቁልፉ ሲበላሽ፣ ውሃው ሲቋረጥ አከራይ ስልክ የሚያነሳው ያ ገንዘብ ገና ስላልገባው ነው። ስድስት ወር አስቀድመሽ ከሰጠሽ የምትለማመጪው አንቺ ነሽ። አንድ ወር ቅድሚያ፣ ግፋ ቢል ሁለት። ከዚያ በላይ የሚል ካለ ቤቱ ለተማሪ አይሆንም፣ ለሌላ ሰው ይሁን።

ገንዘቡን ለማን እንደምትሰጪም እወቂ። ደላላ አከራይ አይደለም፤ ቀብድ ለእሱ አይሰጥም። የራሱን ክፍያ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ተነጋገሩና የሚከፈለው ውል ሲፈረም ይሁን። ኮንዶሚኒየም ላይ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሆኖ የሚያከራየው ሰው ወኪል ሊሆን ይችላል፤ «ውክልናውን አሳዩኝ» በያቸው፣ አያሳፍርም። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ተከራይ ሆኖ እንደ ባለቤት የሚያከራይ ነው። የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር አስተያዪ። ጎረቤትም ጠይቂ፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ሰፈር አይሳሳትም። የቀበሌ ቤት በርካሽ «አለ» ካሉሽ አትግቢበት። የመንግሥት ቤት የያዘ ሰው ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይፈቀድለትም። ነገሩ የተነቃ ቀን ዕቃሽ ውጭ ነው፣ የምትከሺውም የለሽም። የምትከፍዪውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጊው፤ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ብለሽ ጻፊ።

ውሉን በተመለከተ ሰው የሚጣላው በኪራዩ መጠን አይመስለኝም። እኔ ጋ የሚመጣው የተማሪ ክርክር አብዛኛው ስለ ክረምት ነው። ተማሪ ሰኔ መጨረሻ ላይ ክፍሉን ቆልፎ አገሩ ይገባል። ይከፈላል አይከፈልም የተባለ ነገር የለም። በዚያው ሰሞን ለክረምት ትምህርት መምህራን ወደ ከተማው ይገባሉ፤ ለሁለት ወር ደህና ዋጋ ይከፍላሉ። አከራይ ዝግ ክፍል እያየች ገንዘቡ ያልፋታል። መስከረም ላይ ልጅቷ ስትመለስ ፍራሿ ኮሪደር ላይ፣ ክፍሏ ውስጥ ሌላ ሰው። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ወረቀት ግን የለም።

ሦስት መንገድ አለሽ። ሙሉውን እየከፈልሽ ክፍሉን ማቆየት አንዱ ነው፤ ውድ ነው ግን ክርክር የለውም። ሁለተኛው በግማሽ ኪራይ ማቆየት ነው፤ ይህ በስምምነት ብቻ ነው የሚገኘው፣ አከራይ የመቀበል ግዴታ የለባትም። ሦስተኛው ለቅቆ መውጣትና በመስከረም እንደገና መፈለግ ነው። ሐይቅ ቅርብ ናት፤ ዕቃሽን አውጥተሽ ብትወስጂ አንድ ጭነት ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ያድናል፤ ግን መስከረም ላይ ሁሉም የሚፈልገው በአንድ ሰሞን ስለሆነ ያንን ጥሩ መንገድ ያለውን ቤት ልታጪ ትችያለሽ። ቤቱ እውነት ለእግር የሚመች ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ውሉ ላይ እንዲህ ተብሎ ይግባ፦ «ተከራይ በሐምሌና በነሐሴ ወር በወር ግማሽ ኪራይ ትከፍላለች፤ አከራይ በእነዚህ ወራት ክፍሉን ለሌላ ሰው አይሰጡም፤ የተከራይ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል።» ከሱ ሥር ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ዘመድ ቢያድር ጭማሪ አለ ወይ፣ ለመውጣት ስንት ቀን ቀድሞ መነገር እንዳለበት፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ። የአክስትሽ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትመጣም ይጻፍ። ይህን አሁን መጻፍ ካሳፈረሽ ኅዳር ላይ «ሦስተኛዋ ማን ናት» ሲባል የበለጠ ያሳፍርሻል።

ምክሬ ይህ ነው። ስቱዲዮውን ተዪው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢም አትሂጂ። ከኮሌጅሽ አንዲት የማታ ተማሪ ፈልጊና፣ ከፒያሳ ወይም ከአራዳ ዋናውን አስፋልት ተከትሎ፣ ማታ ወደ ቤት ስትመለሺ ከ15 ደቂቃ በማይበልጥ መንገድ ላይ፣ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ያዢ። ፍለጋውን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀምሪ፤ የክረምት ተማሪዎች የሚለቁት ያኔ ነው፣ አዲሶቹም ገና አልገቡም። ዝናቡም ስላልቆመ የትኛው ግድግዳ እንደሚያለቅስ በዓይንሽ ታያለሽ። ትምህርት ሲጀመር ካልተገኘ ደግሞ ተጣድፈሽ መጥፎ ውል አትፈርሚ። ሱቁ ውስጥ የሚያሠራሽ ዘመድሽ ጋ ሁለት ሦስት ሳምንት እደሪ። ከሐይቅ ልመላለስ እንዳትዪ፤ 2፡30 ላይ መኪና አታገኚም። ጥቅምት ሲገባ ተጣልተው የሚወጡ ተከራዮች ስላሉ ቤት እንደገና ይከፈታል። ስትገቢ ግን ለምን እንደወጡ ጎረቤት ጠይቂ።